ሹመታቸው ብቻ ሳይሆን ድምፃቸውም ይጻፍ

ለአዘጋጁ፦

ስለ እንግሊዛዊው ፖለቲከኛ ኬን ክላርክ ያወጣችሁት ጽሑፍ ሹመታቸውን ዘርዝሮ፣ በምክር ቤት የሰጡትን ድምፅ ግን ዘሎታል። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ክላርክ ከ1970 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በምክር ቤት የረሽክሊፍ ምርጫ ክልል ተወካይ ነበሩ። የጤና፣ የትምህርት፣ የአገር ውስጥና የገንዘብ ሚኒስትርም ሆነዋል። ሹመት ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚሰጠው ነው። የሰውየው ማንነት የሚታየው በድምፁ ነው። በ2003 የፓርቲያቸው የወግ አጥባቂዎቹ መሪዎች የኢራቅን ጦርነት ሲደግፉ እሳቸው ተቃወሙ። በ2017 ከአውሮፓ ኅብረት የመውጣቱን ሂደት የሚያስጀምረው ሕግ ሲቀርብ፣ ከወግ አጥባቂዎቹ መካከል የተቃወሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በ2019 ደግሞ ያለ ስምምነት መውጣትን ለማገድ ድምፅ ሰጡና ከ20 ጓዶቻቸው ጋር ከፓርቲው የምክር ቤት ቡድን ተባረሩ። ያንን ሁሉ ዘመን አገልግለው! የያኔዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ ያቀረቡትን ከኅብረቱ የመውጫ ስምምነት ግን ደግፈዋል፤ አንባቢ ይህንንም ማወቅ አለበት።

የብሪታንያ ፓርላማ ማን ምን ድምፅ እንደሰጠ በስም ያወጣል፤ ማንም በነፃ ያየዋል። ስለዚህ የሕዝብ ተወካይ ታሪክ ስታወጡ፣ አምስት ወሳኝ ድምፆቹን ከነቀናቸው ከጽሑፉ ጎን በትንሽ ሳጥን አስቀምጡልን።

አንባቢያችሁ