ለአራት ሰዓት የሚተካኝ ሰው

ይድረስ ለምወድሽ እህቴና ጓደኛዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር እንኳ ሳልጽፍልሽ በመቆየቴ አፍሬአለሁ። የልጅሽን ፎቶግራፍ ስትልኪልኝ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሳልልሽ መቅረቴማ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እማዬ የዛሬ ሦስት ዓመት በሰኔ ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏታል፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ከአልጋዋ አጠገብ ርቄ አላውቅም ማለት ይቻላል።

አንቺ እዚያ አሜሪካ በሽተኛ መንከባከብ እንጀራሽ ስለሆነ ድካሙን መንገር አያስፈልገኝም፤ ልዩነቱ አንቺ ሰዓትሽ ሲደርስ ካፖርትሽን ለብሰሽ ወደ ቤትሽ መሄድሽ ነው። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባት በየ2 ሰዓቱ አገላብጣታለሁ፤ ስለዚህ ስልኬ ሌሊቱን በ4፣ በ6፣ በ8ና በ10 ሰዓት ይጮሃል። ቀጭን ነገር ትን ስለሚላት አጥሚቱን ወፈር አድርጌ፣ ደግፌ ካስቀመጥኳት በኋላ በሻይ ማንኪያ ጥቂት በጥቂት እሰጣታለሁ፤ ጠጥታ ስትጨርስም ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብላ እንድትቆይ ከጀርባዋ ትራስ እደረድራለሁ። በክረምት የጦሳ ጉም ወርዶ ደሴን ሲያለብሳት አንሶላ አይደርቅምና በወንበር ላይ ዘርግቼ በከሰል ሳደርቀው ልብሳችን ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል።

ሥራዬንም የለቀቅሁት በዚሁ ምክንያት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅርብ ዘመዱ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅድለታል፤ ለሌላ ያልተለመደና ከባድ ጉዳይ ግን እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ፣ ያውም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ለቀባሪ የታሰበውን ያህል ለአስታማሚ አለመታሰቡ ገርሞኝ ሳላበቃ፣ የእኛም የሰፈር ደንብ ከዚያ እንደማይሻል ኋላ ገባኝ።

ሰው አልጠየቀንም ብልሽ ግን ውሸት ይሆናል። የወሎን ሰው ታውቂዋለሽ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እየተፈራረቀ ሲጠይቀን ከርሟል። ነገር ግን ጠያቂ ሲመጣ ቡና ይፈላል፤ የምቆላውም፣ የምወቅጠውም፣ ከአቦል እስከ በረካ የምቀዳውም እኔ ነኝ። እንግዳው «አይዞሽ፣ ጽድቅ ነው» ብሎ ሲወጣ እማዬን የማገላብጥበት ሰዓት አልፎ ይሆናል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ በየሳምንቱ እየደወለ «አደራ፣ ብቻዋን እንዳትተያት» ይለኛል። መልካም ሰው ነው፤ ምክሩም ነፃ ነው።

ይህን ልማድ የሰበሩት አጥር የምንካፈላቸው ሐጂያ ናቸው። ባለፈው ዓመት አንድ ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መጥተው፣ ረከቦቱን ልዘረጋ ብድግ ስል «ቡናሽን አልመጣሁበትም። ነጠላሽን ልበሽና ውጪ፤ እስከ 12 ሰዓት ዓይንሽን እንዳላይ» አሉኝ። ፒያሳ ድረስ ሄጄ፣ የምይዘው የማደርገው ጠፍቶኝ፣ አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ተመለስኩ። ከበር ላይ መለሱኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ ሐይቁን ዳር ቁጭ ብዬ ላየው አስቤ ወደ ሐይቅ ከተማ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ሐይቅ ስንደርስ ረዳቱ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ቀሰቀሰኝ፣ በዚያው መኪና ተመለስኩ፣ መንገዱንም ሁሉ ተኛሁ። ውኃውን አላየሁትም። ነገር ግን ያን ያህል እንቅልፍ ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ!

ሐይቅ ከተማ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ መሆኗን ታስታውሻለሽ፤ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ተሁለደሬ ነበር። መድኑ ለሕክምና ያግዛል፤ የአስታማሚን እንቅልፍ የሚሸፍን መድን ግን እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ አስታማሚን በተራ የመተካቱን ነገር ለሰፈራችን ቅሬ (ለእድራችን) አቀረብነው። የቅሬው ዳኛ መጀመሪያ «ቅሬ የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ ይህን ከጀመርን ማብቂያ የለውም» ብለው ተቃወሙ። ሐጂያም «ገጠር እያለን በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደርስ የነበረው ማን ነበር? ቅሬው አይደለም ወይ? ያ በሽተኛ ሞቶ ነበር?» ሲሏቸው ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ከብዙ ክርክር በኋላ፣ ከቀብር እንደሚቀር ሰው የሚቀጣ እንዳይኖርና ሥራው በፈቃደኞች እንዲሆን ተስማማን። ሰባት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ተመዘገቡ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ በወሩ ቀርተዋል፤ አልፈርድባቸውም። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም እኛ ቤት መጥታ እንዴት እንደሚገላበጥና ትን ሲላት ምን እንደሚደረግ በእማዬ አልጋ ላይ አሳየቻቸው። አሁን በሰፈራችን አራት ቤት ተራ አለው። እኔም በበኩሌ ልጁ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበትን አንድ አባት ማክሰኞ ማክሰኞ እተካዋለሁ፤ በሄድኩ ጊዜ ሁሉ እንደ እኔው አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ይመለሳል፤ እኔም እንደ ሐጂያ ከበር እመልሰዋለሁ።

አንድ ጊዜ በጻፍሽልኝ ደብዳቤ፣ በእናንተ አገር በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አስታማሚ ለጥቂት ጊዜ ተተክቶ የሚያርፍበትን አገልግሎት የሚደግፍ ሕግ መውጣቱንና ስሙም «ሪስፓይት» መባሉን ነግረሽኝ ነበር። ያኔ የፈረንጅ ቅንጦት መስሎኝ እንደ ሳቅሁ አልደብቅሽም። አሁን የምጠይቅሽ አለኝ፦ ተተኪው ሲመጣ በሽተኛው ባዳ አይቶ የሚያለቅስ እንደ ሆነ እናንተ እንዴት ታለማምዱታላችሁ? እማዬ ሐጂያን ስታይ ትስቃለች፣ ሌሎቹን ስታይ ግን እንባዋ ይመጣል፤ ይህን ያየሁ ዕለት ከቤት ለመውጣት እግሬ ይከብደኛል።

ይህን ደብዳቤ በሁለት ሐሙስ ነው የጻፍኩት። መልሱን መጻፍ ከከበደሽ ደውዪልኝ፤ ሐሙስ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ስልኬ በእጄ ነው፣ በእናንተ ዘንድ ገና ማለዳ ይሆናል። ካላነሳሁ ተኝቼ ነውና ደግመሽ ደውዪ።

እህትሽ፣ ከደሴ