አንተ፣ ባለ ሰማያዊ ሹራቡ!

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ ላይ አንድ ጸሐፊ፣ ሰው ሲወድቅ እያየ ዝም የሚለውን ሕዝብ «ልቡ ደንድኗል» ብለው አምርረው ወቅሰዋል። ንዴታቸው ይገባኛል። ግን እኔም አንድ ቀን ከዚያ ዝም ካለው ሕዝብ መካከል ነበርኩ። ልቤ ደንድኖ አልነበረም። ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ለማስፈጸም ተራ እየጠበቅን ነበር። ወደ ሃያ ሰው እንሆናለን። ከእኔ ሁለት ወንበር አልፎ አንድ አዛውንት ፋይላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ትንሽ ቆይቶ አንገታቸው ወደ ደረታቸው ዘንበል አለ። ፋይሉ ተንሸራቶ ወደቀ። ወረቀቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። እሳቸው አልነቁም።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር እስከ ዛሬ ከፊቴ አይጠፋም። ያየሁት እሳቸውን አይደለም፤ ሌሎቹን ነው። ፊት ለፊቴ ያለው ወጣት ስልኩን ይነካካል። አጠገቡ ያለችው ሴት አንዴ አየቻቸውና ዓይኗን መለሰች። መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ቁጥር ይጠራል። «እንቅልፍ ወስዷቸው ይሆናል» አልኩ በልቤ። «የከፋ ነገር ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ይነሳ ነበር።» ያ አንድ ሰው እኔ ልሆን እንደምችል ትዝም አላለኝ። ስንት ደቂቃ እንደቆየን እንጃ። በኋላ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ገና በሩን ከማለፏ «ኧረ አባባ!» ብላ ጮኸች። ያኔ ሁላችንም ብድግ አልን። መስኮት የሚከፍተው፣ ክራቫታቸውን የሚፈታው፣ አምቡላንስ የሚጠራው፣ ወረቀታቸውን የሚለቅመው! ለካ ሃያችንም ለመነሳት ስንጠባበቅ ኖሯል። ስኳራቸው ወርዶ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ።

ለወራት ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ታጠናለች። አንድ ማታ ሳጫውታት «እማዬ፣ ይሄ እኮ የታወቀ ነገር ነው» አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1968 ጆን ዳርሊ እና ቢብ ላታኔ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ መጠይቅ የሚሞሉ ተማሪዎች ወዳሉበት ክፍል በግድግዳ ቀዳዳ ጭስ ለቀቁ። ብቻቸውን ከተቀመጡት ከየአራቱ ሦስቱ ወጥተው ተናገሩ። ምንም እንዳልተፈጠረ እንዲሆኑ የተነገራቸው ሁለት ሰዎች አብረዋቸው ሲቀመጡ ግን፣ ከአሥር ተማሪ የተነሳው አንድ ብቻ ነው። የቀሩት ዓይናቸውን እያሹ፣ እየሳሉ፣ ጭሱን በእጃቸው እያባረሩ መጻፋቸውን ቀጠሉ። በኋላ ሲጠየቁ እንፋሎት መስሎን ነው ያሉ ነበሩ።

እንፋሎት መስሎን። እንቅልፍ መስሎኝ። ይህን ስሰማ አለቀስኩ።

እናንተን የሚመለከት ነገርም አለ። ተመራማሪዎቹን ያነሳሳው እ.ኤ.አ. በ1964 ኒውዮርክ ውስጥ የተገደለችው የኪቲ ጄኖቪስ ታሪክ ነው። ኒውዮርክ ታይምስ 38 ጎረቤቶች እያዩ ዝም አሉ ብሎ ጻፈ። ዓለም ሁሉ ጉድ አለ። ጋዜጣው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ቁጥሩም፣ ሰዎቹ አዩ የተባለውም እጅግ የተጋነነ እንደነበር አመነ። አንዲት ጎረቤቷ እንዲያውም ሮጣ ወርዳ አቅፋት ነበር። እሷን ግን ለብዙ ዓመታት ያነሳት ሰው አልነበረም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። «ሰው ጨካኝ ሆኗል» የሚለውን በየሳምንቱ የሚያነብ ሰው፣ ማንም እንደማይነሳ አምኖ እሱም ይቀመጣል።

ሰው ግን ይነሳል። በእንግሊዝ፣ በኔዘርላንድስና በደቡብ አፍሪካ ከተሞች በደህንነት ካሜራ የተቀረጹ 219 የመንገድ ላይ ጠቦች ሲመረመሩ፣ ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ሰው ጣልቃ ገብቷል። ጠብ ጩኸት አለው፤ ነገሩ ግልጽ ነው። ያልለየለት ነገር ነው የሚያስቸግረን። ጸጥ ብለው የሚወድቁት ናቸው የሚጎዱት።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ እንዲህ ያለ ዜና ስታወጡ ከሥሩ ሁለት መስመር ጨምሩ። «የሰው ያለህ!» ብሎ ለሁሉም መጮህ ለማንም አለመጮህ ሊሆን ይችላል። ጣት ይቀሰር፣ አንድ ሰው ተለይቶ ይጠራ፣ ሥራው ይነገረው። ይህን በትምህርት ቤት ያስተማረኝ የለም። ማንበብና መጻፍ ከምንማርበት ዕድሜ ጀምሮ ሊነገረን የሚገባ ነገር ነው።

ባለፈው ወር ደረጃ ስወርድ አንዲት ሴት ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ስትል አየሁ። ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል። ዓይኔ እንደለመደው ሌሎቹን ሊያይ ሲሄድ ያዝኩት። ተንበርክኬ «እህቴ፣ አሞሻል?» አልኳት። መልስ መስጠት አቃታት። ቀና ብዬ «አንተ፣ ባለ ሰማያዊ ሹራቡ! አምቡላንስ ጥራልኝ!» አልኩ። ልጁ ተናግሬ ሳልጨርስ ስልኩን አውጥቷል።

እሷን ይዘዋት ከሄዱ በኋላ ልጁ አልሄደም። «ሁለት ጊዜ አልፌያት ነበር» አለኝ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። ደረጃው ላይ አብረን ቁጭ አልንና ስለ አዛውንቱ አጫወትኩት።

አክባሪያችሁ፣
የሒሳብ ሠራተኛና የሁለት ልጆች እናት