የዝዋይ ደሴቶች ታሪክ ከሽማግሌዎቹ አንደበት እንዲቀረጽ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የዛይ ልጆችና የደሴቶቹ ወዳጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ ሁሉ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ህዳር ጽዮንን ለማክበር ወደ ቱሉ ጉዶ ስንሻገር አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ጀልባዋ ወደ ደሴቷ ስትቀርብ ድንጋዩንም ማሳውንም በዛይኛ (በደሴቶቹ ሕዝብ በዛዮች ቋንቋ) ስሙ እየጠሩ፣ እዚያ የማን አያት እንዳረሰ፣ እዚህ የማን ታንኳ እንደተገለበጠ ነገሩኝ። በስልኬ ቀዳሁት። ቤት ገብቼ ሳዳምጠው ግማሹን ነፋሱና ሞተሩ ውጠውታል። ከወራት በኋላ ቤታቸው ሄጄ «እማማ፣ እባክዎ ይድገሙልኝ» አልኳቸው። ደገሙልኝ፤ ግን ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ። አጠገባቸው የነበረው የልጅ ልጃቸው ዛይኛ ስለማይሰማ ለእሱ ብለው ነው። የድንጋዮቹ ስም አብዛኛው በዚያው ቀረ።

አምስቱን ደሴቶች፣ ቱሉ ጉዶን (እኛ ደብረ ጽዮን የምንላትን)፣ ፀደቻን፣ ፉንዱሮን፣ ደብረ ሲናንና ገሊላን፣ ታሪካቸውን የምናውቀው ከአባቶች አፍ ነው። በዮዲት ጉዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ደብረ ጽዮን ላይ እንደተጠለሉ ይተረካል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የግራኝ ጦርነት ሲነሳ ሐይቁ ለብዙዎች መሸሸጊያ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ደሴቶቹ ከተቀረው የክርስቲያን አገር ተቆርጠው ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ቆዩ። ቄሶቻችን ቅዳሴውን ሳያስታጉሉ፣ የብራና መጻሕፍቱን ከምስጥና ከእርጥበት እየጠበቁ፣ ሕዝቡ ዓሣ እያጠመደ፣ ሸማ እየሠራ፣ ቁልቁለቱን በእርከን እያረሰ። የአፄ ምኒልክ ጦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አርሲ ሲደርስ ነው ግንኙነቱ የተቀጠለው። ከዚያ በኋላ ሰዉ ቀስ በቀስ ወደ ዳርቻው፣ ወደ መቂና ወደ ዝዋይ ከተማ (ዛሬ ባቱ) ወረደ።

በወረደ ቁጥር ቋንቋው ሳሳ። ዛይኛ የስልጤና የሐረሪ ዘመድ ነው፤ ግን ተጽፎ የተቀመጠለት ጥቂት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ብራናው ጠባቂ አለው፤ የእናቶች ወሬ ግን የለውም።

ስለዚህ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበን በደሴቶቹና በዳርቻው ያሉ አረጋውያንን እየዞርን ድምፃቸውን ልንቀርጽ ተነስተናል፤ ከጀልባ ጉዞው፣ ከአሣ ማጥመዱ፣ ከሠርጉና ከለቅሶው ጀምሮ እስከ የድንጋዮቹ ስም ድረስ፣ በዛይኛ። የሚያስፈልገን ነፋስ የሚከላከል ማይክ ያላቸው ሁለት መቅረጫዎች፣ የጀልባ ኪራይና ነዳጅ፣ ቅጂ ማስቀመጫ ሃርድ ዲስክ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቃሉን በፊደል ለሚገለብጡ ወጣቶች አበል ነው። ይህኛው ሥራ አድካሚ ነው፤ አንድ ሰዓት ድምፅ ቀናት ይወስዳል፤ በነጻ ሥሩ ብለን ልንጠይቃቸው አይገባም።

የባንክ ሂሳቡ በሦስት ሰዎች ፊርማ ይንቀሳቀሳል፤ የገባውና የወጣው በየሦስት ወሩ ለማኅበረሰቡ ይነበባል። ቅጂው አንዱ ለቤተ ክርስቲያኗ፣ አንዱ ለዳርቻው ትምህርት ቤት፣ አንዱ ለተራኪው ቤተሰብ ይሰጣል። መቶ ብርም ቢሆን የጀልባ ቤንዚን ይሆናል። ገንዘብ ባይኖራችሁ፣ አያታችሁ በሕይወት ካሉ ስማቸውንና የሚኖሩበትን ሰፈር ለኮሚቴው አባላት ንገሩን፤ እንመጣለን። የመጀመሪያውን ዙር ከመጪው ህዳር 21 በፊት ልንጀምር አስበናል።