ለእማዬ ቆማችሁ ላደራችሁ ሁሉ

እማዬ ትናንት ቤቷ ገባች። በእግሯ። ደጃፉ ላይ ቆም ብላ «ይሄን ጤናዳም ማን ነው ውሃ የነፈገው?» ስትል ነው እኔም ማልቀስ የጀመርኩት።

የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። የሽንት ኢንፌክሽን ነው ስንል ሴፕቲክ ሾክ ሆነ፣ ኢንፌክሽኑ መላ ሰውነቷን አናግቶ የደም ግፊቷን ጣለው፣ ከዚያ 11 ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል። በቃ፣ አልደግመውም።

መጀመሪያ እግዚአብሔር ይመስገን። ቀጥሎ ዶክተሮቹን ማመስገን ነበረብኝ፣ ይቅር በሉኝና ተራችሁን ለአንድ ልጅ ሰጥቼዋለሁ።

ስሜን እንዳትጽፊ ስላልከኝ የላብራቶሪው ልጅ እልሃለሁ። የመጀመሪያው ሌሊት ላክቴቷ፣ ሰውነት ሲጨነቅ ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ነገር፣ 6.8 መጣ። ከ2 በታች መሆን ነበረበት አሉ። እኔም ስልኬን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ፣ ምነው ባልጀመርኩ። በፈረንጆቹ 2016 በወጣው ትርጉም፣ ፈሳሽ በበቂ ተሰጥቶም የደም ግፊት ያለ መድኃኒት አልቆም ካለና ላክቴት ከ2 ካለፈ ሴፕቲክ ሾክ ይባላል፤ እንዲህ ከሆኑት ደግሞ ከ100 ከ40 በላይ የሚሆኑት ከሆስፒታል አይወጡም ይላል። ኮሪደሩ ላይ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አንተም አጠገቤ ቁጭ አልክ፣ ነጭ ጋውንህን እንኳ ሳትሰበስብ። ዶክተር ብዬ ስጠራህ ሳቅክና «ዶክተር አይደለሁም እህቴ፣ ደም ነው የማነበው» አልከኝ። «ደግሞ ይሄ የብዙ ሰው ቁጥር ነው፣ የእናትሽ አይደለም። የሷ ገና ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይወርዳል ወይስ ይወጣል፣ እሱን እንይ።»

ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር። ግራጫ ክዳን ያላትን ቲዩብ በረዶ የሞላ ፌስታል ውስጥ ከትተህ በደረጃ ስትሮጥ ከኋላህ ነበርኩ፤ ለምን እንደተከተልኩህ አላውቅም፣ እዚያ መቀመጥ ስላቃተኝ ይሆናል። የበረዶው ውሃ ደረጃው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ለምን እንደምትሮጥ ስጠይቅህ፣ ደሙ ቲዩብ ውስጥ ሆኖም ላክቴት ማምረቱን እንደማያቆም፣ ከዘገየ እማዬ ሳይብስባት ቁጥሩ እንደሚብስ ነገርከኝ። 5.1 ሆነ። ሲነጋ 3.4። ተራህ አልቆ እንኳ ወደ ቤትህ አልሄድክም። 1.9 የመጣ ዕለት ወረቀቱ እስኪታተም አልጠበቅክም፣ በሩ ላይ ቆመህ በጣትህ ወደ ታች አሳየኸኝ። ምን ልበልህ?

ደሙን ለፕሮካልሲቶኒን፣ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ሲበረታ ለሚጨምረው ምርመራ፣ ከሆስፒታሉ ውጭ ወዳለ ላብራቶሪ አድርሰህልኝ ሂሳብ አልቀበልም ያልከው የታክሲ ሹፌር፣ እግዜር ይስጥልኝ። በማግሥቱ ቁጥሩ በግማሽ ወረደ። ሌላው የብግነት መለኪያ፣ ሲአርፒው፣ ግን እንደ ግትር በሬ ቆሞ አስለቀሰኝ፤ ለካ እሱ ዘግይቶ ነው የሚወርደው። ፕላትሌቷ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው፣ ወርዶ 58 ሺህ የገባ ቀን እጄን ይዛ ያደረችው ሲስተር፣ ቡናሽን ጠጥቼብሻለሁ፣ እከፍላለሁ።

አንድ ሰው ደግሞ ነበር፣ «በዚህ ቁጥር የተረፈ አላየሁም» ያለኝ። እሱንም አልረሳሁትም። ይቅር ብዬዋለሁ ለማለት ግን ትንሽ ቀን ይሰጠኝ።

ዶክተሮች፣ ነርሶች፣ ጽዳቶች፣ ጥበቃዎች፣ እድርተኞች፣ የመሥሪያ ቤቴ ልጆች፣ ከዱባይና ከሜሪላንድ የላካችሁ ዘመዶች፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ ስሟን ያስጠራችሁ፣ ሁላችሁንም ክፉ አይንካችሁ። ስም ልዘርዝር ብዬ ጀምሬ ነበር፣ ከዚያ አጥሚት በየማለዳው ታመጣ የነበረችውን ሴትዮ ስሟን እንኳ እንዳልጠየቅኩ ትዝ አለኝና ተውኩት። ፔርሙስሽ እኔ ጋ ነው። የማን እንደሆነ የምታውቁ ንገሩኝ። ሌላም የረሳሁት ካለ አትቀየሙኝ፣ እነዚያን ቀናት በደንብ አላስታውሳቸውም።

የላብራቶሪው ልጅ፣ እማዬ «ያ በረዶ ይዞ የሮጠው ልጅ ጾም ሲፈታ ይምጣ» ብላለች። ዶሮዋ ተገዝታለች፣ ጓሮ ታስራ ጎረቤት እያስጮኸች ነው። ስልክህን አንሳ።