እብጠቱን ዳብሰው ብቻ ላላለፉት ሐኪም

ዶክተር፣ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ መላክ እችል ነበር። በአደባባይ የጻፍኩት ሌላም ውሻ ያለው ሰው እንዲያነበው ብዬ ነው። ስምዎን አልጠራም። «ሥራዬን ነው የሠራሁት» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ግን ውሻዬ ነብሮ አሁን እግሬ ሥር ተኝቶ እያንኮራፋ ነው። ስፌቱ ደርቋል፣ የተላጨው ቦታ ላይም ፀጉር መብቀል ጀምሯል። ይህን እያየሁ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ነብሮ 9 ዓመቱ ነው። ዓምና ታናሽ እህቴ ፀጉሩን ስታበጥረው ደረቱ ጎን ላይ አንድ እብጠት አገኘች። ለስላሳ ነው፤ ሲነኩት ከቆዳው ሥር ወዲያ ወዲህ ይላል። ነብሮን አያመውም። ያኔ ወደምንሄድበት ሐኪም ወሰድነው። በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉና «ስብ ነው፤ ዕድሜው ሲገፋና ሲወፍር የሚመጣ ነው፤ ይተዉት» አሉን። ደስ ብሎን ተመለስን።

ከወራት በኋላ ሁለተኛው መጣ። ይሄኛው የኋላ እግሩ ታፋ ላይ ነበር። ያው ለስላሳ፣ ያው ተንቀሳቃሽ። የአተር ፍሬ ቢያክል ነው። እንደገና ሄድን፣ እንደገና በጣት ተነካ። «እንደ በፊቱ ነው» ተባልን። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። በመርፌ ናሙና አልተወሰደም፣ አልተለካም፣ የት ቦታ እንደሆነም አልተጻፈም። እኔም አልጠየቅኩም። ሐኪም ካለ አለ ነው። ይህን የማነሳው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። የሆነውን ካልተናገርኩ ግን እርስዎ ምን እንዳደረጉልን ማስረዳት አልችልም።

ሦስት ወር ጠበቅን። የታፋው እብጠት አንዳንድ ቀን ያድጋል፣ አንዳንድ ቀን ይሟሽሻል። ነብሮ ሲያከው ቀላ ብሎ ይነሳል፣ በማግስቱ ይቀንሳል። ሲቀንስ «ተመስገን፣ እየጠፋ ነው» እላለሁ። የተታለልኩት እዚህ ላይ ነው። ያ ከፍ ዝቅ ማለቱ ራሱ ምልክት እንደነበር የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።

እዚህ ላይ ጎረቤቴን ካላመሰገንኩ ነገሩ ጎዶሎ ይሆናል። እትዬ፣ ያን ቀን በር ላይ ቆመን ስናወራ ነብሮን እየደባበሱት ነበር። እጅዎ ታፋው ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ስብ ነው ተብሏል።»

«ማን አየው?»

«ሐኪሙ ነካ አድርገው አዩት።»

«በመንካት አይታወቅም ልጄ። የእኔንም ነክተው ነው የነገሩኝ።»

ውሻዎን እንዴት እንዳጡት ከዚያ ቀን በፊት ነግረውኝ አያውቁም ነበር። «ትንሽ እንጠብቅ» እየተባሉ የከረሙባቸውን ወራት፣ በመጨረሻ ሲከፈት የተገኘውን ሁሉ ነገሩኝ። እንባዎ መጣ። ያን ሐዘን ለነብሮ ሲሉ እንደገና ቀስቅሰውታል፤ ይህን አልረሳውም። ስልኬን አስወጥተው እዚያው ቆመው ቀጠሮ ያስያዙኝም እርስዎ ነዎት።

ወደ እርስዎ ልመለስ ዶክተር። ክፍልዎ ስንገባ በቀጥታ ወደ እብጠቱ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። እርስዎ ግን ከአፍንጫው ጀመሩ። ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ድዱን አዩ። ጆሮውን፣ አንገቱን፣ ብብቱን፣ የጣቶቹን መሃል፣ ጭራው ሥር ያለውን ቦታ ሁሉ ዳሰሱ። ሆዱ ላይ ያሉትን ጡቶች አንድ በአንድ ሲነኩ ገረመኝ፤ ወንድ ውሻ ነው። አልፎ አልፎ በወንዶችም ላይ እንደሚወጣ ነገሩኝ። መንጋጋው ሥር፣ ትከሻው ፊት፣ ከጉልበቱ ጀርባ ንፍፊት የሚወጣባቸውን ቦታዎችም አልዘለሉም።

ከዚያ ጥያቄ መጣ። መቼ ታየ? በምን ፍጥነት አደገ? መጠኑ ይለዋወጣል? ያስመልሰዋል? ሰገራው ጠቁሮ ያውቃል? እብጠትና ሰገራን ምን አገናኛቸው ብዬ በሆዴ ጠይቄ ነበር። ለካ አንዳንድ ዕጢ ሂስታሚን የሚባል ነገር ወደ ደም ይለቃል። እሱ ደግሞ የጨጓራን አሲድ ያበዛል፣ ጨጓራ ይቆስላል፣ ይደማል። ሰገራ የሚጠቁረው በዚያ ደም ነው። ይህን ሁሉ ሳይቸኩሉ አስረዱኝ፤ በጥያቄዬም አልተሰላቹም።

ቀጥሎ የውሻ ቅርጽ ያለበት ወረቀት አወጡና ሁለት ነጥብ አደረጉበት። በመለኪያ ለኩ። የደረቱ 34 ሚሊ ሜትር፣ የታፋው 13 ሚሊ ሜትር። ቀኑን ከጎኑ ጻፉ። እኔ የታፋው አሁንም አተር የሚያክል ይመስለኝ ነበር። በየቀኑ የሚያየው ሰው ማደጉን አያስተውልም።

«ሲነኩት ምን ይመስልዎታል?» ብዬ ጠየቅኩ። መልስዎን እስከ ዛሬ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እናገራለሁ። «እጄ ማይክሮስኮፕ አይደለም» አሉኝ።

ስለ መርፌው ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ይመስለኛል። እኔም ፈርቼ ነበር። ክትባት እንደሚሰጥበት ዓይነት ቀጭን መርፌ ነው። ማደንዘዣ አላስፈለገውም። ረዳትዎ፣ ያ ዝምተኛ ልጅ፣ የነብሮን ጭንቅላት ደረቱ ላይ አስደግፎ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ያንሾካሹክለት ነበር። ነብሮ ዞር ብሎ እንኳ አላየም። መርፌው እብጠቱ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ገባ ወጣ አለ። ውስጡ የቀረችው ጠብታ በስሪንጅ አየር ተገፍታ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ስስ ብርጭቆ ላይ ወጣች። በቃ፣ ይኸው ነው። ወንድሜ፣ ስምህን ሳልጠይቅህ ወጣሁ፤ ይቅርታ። ነብሮን የያዝክበት አያያዝ ከዓይኔ አልጠፋም።

ከደረቱ የወጣው ብርጭቆው ላይ እንደ ዘይት ያበራል። ቢጠበቅ ቢጠበቅ አይደርቅም። «ስብ ይመስላል፤ ግን እንየው» አሉ። አዩት፣ ስብ ነበር። ላይፖማ ይሉታል፤ ጉዳት የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ግምት ልክ ነበር፣ ልክነቱ የታወቀው ግን ገና ያን ቀን ነው። ከታፋው የወጣው ደረቀ። ቀለም ውስጥ ነክረው አጠቡት፣ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገቡት፣ ዝም አሉ። ከዚያ ከወንበርዎ ተነስተው «ይምጡ፣ ይዩት» አሉኝ።

አየሁት። ክብ ክብ ሴሎች፤ ሆዳቸው በሐምራዊ ጥቃቅን ፍሬዎች የታጨቀ። ማስት ሴል ዕጢ ነው አሉኝ፤ ያ ሂስታሚን የሚለቀው ዓይነት። በውሻ ቆዳ ላይ ከሚወጡ ካንሰሮች በብዛት የሚታየው ይሄ ነው። መልክ የለውም። አንዴ ኪንታሮት ይመስላል፣ አንዴ ነፍሳት የነደፈው፣ አንዴ ደግሞ እንደ ነብሮ ለስላሳ ስብ። የእኔ እጅ ሁለቱን እብጠቶች ለወራት ዳብሷል፤ አንድም ልዩነት አላገኘባቸውም። ልዩነቱ ሁለት ብርጭቆ ላይ ነበር።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ሴሉ ማንበብ ጀመርኩ። ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊክ ነው፤ ገና ወጣት ሳለ፣ በ1878 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። በቀለም ነክሮ ነው የለየው። ማስት የሚለው ቃል በጀርመንኛ ከማድለብ ጋር የተያያዘ ነው፤ በፍሬ ተሞልተው ሲያያቸው በደንብ የተመገቡ ሴሎች መስለውት ነበር። ያ የድሮ ዘዴ ዛሬም የነብሮን ዕጢ አገኘ። ለእሱም ምስጋና አለኝ።

አስቀድሞ ማወቁ ምን ለወጠ? ቀዶ ጥገናውን ለወጠው። ስብ ነው ተብሎ ቢወጣ ኖሮ ጠርዝ ጠርዙን ተከትሎ ይቆረጥ ነበር። ይህ ዕጢ ግን ከሚዳሰሰው አልፎ ቆዳው ውስጥ ሊሄድ ይችላል። እርስዎ በዙሪያው 2 ሳንቲ ሜትር ጤነኛ ቆዳ፣ ከሥሩም አንድ ሽፋን ጨምረው አወጡት። ስፌቱን ሳይ ደንግጬ ነበር፤ ለ13 ሚሊ ሜትር እብጠት ከመዳፌ የሚረዝም ስፌት! ምክንያቱን በወረቀት ስለው ካሳዩኝ በኋላ ግን ስፌቱን ባየሁት ቁጥር እፎይ እላለሁ።

ከዚያ በፊትም ያደረጉት አለ። በአቅራቢያው ካለው ንፍፊት በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ጉበቱንና ጣፊያውን በአልትራሳውንድ አዩ፣ ደሙን መረመሩ። ሂስታሚኑ በቀዶ ጥገናው መሃል እንዳያስቸግረው አስቀድመው መድኃኒት ሰጡት። «እስከዚያ እብጠቱን እንዳትጫኑት፣ እንዳትጨምቁት» ብለው አስጠነቀቁን። እኔ ሦስት ወር ሙሉ «ቀነሰ አልቀነሰ» እያልኩ ስጨምቀው ነበር። ይህን ስነግርዎ አልተቆጡኝም። «አሁን አውቀዋል» ብቻ አሉኝ።

የወጣው ሥጋ በፎርማሊን ተነክሮ ወደ ፓቶሎጂ፣ ናሙና ወደሚመረመርበት ክፍል ተላከ። ጠርዙ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ካንሰሩ ጠርዙ ላይ መድረስ አለመድረሱ በዚያ ይታያል። መርፌ ምንነቱን ይናገራል፣ ደረጃውን፣ ማለትም ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ፣ ግን ሙሉ ሥጋው ነው የሚናገረው። 9 ቀን ጠበቅን። ስልኩ ሲጠራ እህቴ አጠገቤ ነበረች። ሰላም ሳይሉኝ «ጥሩ ዜና ነው» ብለው ጀመሩ። እንዴት እንደምጠብቅ ያውቁ ነበርና ለአንዲት ሰከንድ እንኳ አላንጠለጠሉኝም። ደረጃው ዝቅተኛ፣ ጠርዙ ንጹህ፣ ንፍፊቱም ነፃ። እህቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ነብሮ ፊቷን ሊልስ ሲሄድ አንገቱ ላይ ያለው የፕላስቲክ ሾጣጣ መታት።

ያን ሥጋ በስሱ ከትፈው፣ በማይክሮስኮፕ አይተው ሁለት ገጽ ሪፖርት የጻፉልንን ባለሙያ አላውቃቸውም። ነብሮንም አላዩትም። ይህ ጽሑፍ ከደረሰዎት፣ እያንዳንዱን መስመር ደጋግመን አንብበነዋል። እናመሰግናለን።

ይህን የምታነቡ ውሻ ያላችሁ ሰዎች፣ አትደንግጡ። ዶክተርም ደጋግመው የነገሩኝ ይህን ነው፤ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። ስብ አለ፣ ኪንታሮት አለ፣ መግል የቋጠረ አለ። በወጣት ውሾች ላይ ወጥቶ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ራሱ የሚጠፋም አለ። ግን የትኛው እንደሆነ በዓይንና በጣት አይለይም። ከ1 ሳንቲ ሜትር የበለጠ፣ ወይም ከአንድ ወር በላይ የቆየ እብጠት ካለ በመርፌ ይታይ። «ስብ ነው» ከተባላችሁ «በምን ታወቀ?» በሉ። መጠየቅ ሐኪምን መናቅ አይደለም። እኔ አንድ ጥያቄ ባለመጠየቄ ሦስት ወር አልፏል። ዕጢው ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ሆኖ ነው እንጂ።

እህቴ፣ መጀመሪያ ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ማበጠሪያውን ይዘሽ ጣትሽን ፀጉሩ ውስጥ ባታስገቢ ኖሮ የትኛውንም አናውቅም ነበር። ሌሊት ሌሊት ስፌቱን እንዳይልስ አጠገቡ የተኛሽውም አንቺ ነሽ።

ዶክተር፣ የሰጡኝ ወረቀት ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። በየወሩ መጀመሪያ ከአፍንጫ እስከ ጭራ እንዳሰሳለን፣ እንደ እርስዎ። ትናንት ማታ ግራ ጆሮው ጀርባ ላይ ትንሽ ነገር አገኘን፤ 4 ሚሊ ሜትር። በእርሳስ ሦስተኛ ነጥብ አድርጌ ቀኑን ጽፌያለሁ። አልጨመቅነውም። ሐሙስ ጠዋት ይዘነው እንመጣለን።