የፍቺ ወረቀቱ ያለው ፍርድ ቤት ነው እንጂ እሱ ጋ አይደለም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አሜሪካ ዜግነት ማመልከቻ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ብዙ ሰው የሚጠቅም ጽሑፍ ነው። ሆኖም ከሚያስፈልጉት ሰነዶች መካከል «ከዚህ በፊት ትዳር የነበረው ሰው የፍቺ ማስረጃ ያያይዝ» ብላችሁ በአንድ መስመር አልፋችሁታል። ያቺ አንድ መስመር ስንቱን እንደምታጉላላ ስለማውቅ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ፎርም መሙላት ለሚቸገሩ ሰዎች ከሚያግዙት አንዷ ነኝ። ስለ ፍቺ ወረቀት የማንጠየቅበት እሁድ ጥቂት ነው።

የሚጠይቁን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። «የፍቺ ወረቀትሽ የታለ?» ስንላቸው መልሳቸው አንድ ዓይነት ነው፤ «እሱ ጋ ነው»፣ የቀድሞ ባሌ ጋ ማለታቸው ነው። መከራው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። እሱን ላለመለመን ሲሉ ማመልከቻቸውን ከዓመት ዓመት ያሳድራሉ። ሽማግሌ የሚልኩም አሉ። ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ የመሠረቱ ሰዎች ለአንዲት ወረቀት ሲባል የድሮው ቁስል እንደገና ይነካካባቸዋል። ተደብድባ፣ አድራሻዋን ደብቃ የወጣች ሴት ደግሞ ያለችበት እንዳይታወቅ ብላ ነገሩን ጭራሽ ትተወዋለች።

እህቶቼ፣ ወረቀቱ እሱ ጋ አይደለም። ጠበቃው ጋም አይደለም፤ ኤምባሲም አይደለም። እነሱ ቢይዙ የሚይዙት ኮፒ ነው። ዋናው ያለው ፍቺውን በወሰነው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው። የራሳችሁን የፍቺ ውሳኔ ኮፒ ለማውጣት የቀድሞ ባል ፈቃድም ፊርማም አያስፈልግም፤ ጠበቃ መያዝም ግዴታ አይደለም። ያለ ጥፋታችሁ ከእጃችሁ የወጣ ወረቀት ስለሆነ አትፈሩ፤ መብታችሁ ነው። ይህን የምለው ለወንዶቹም ነው፤ ወረቀቱ እሷ ጋ ቀረ ብለው የተቀመጡ ወንዶች ጥቂት አይደሉም።

ጥያቄው እንግዲህ የትኛው ፍርድ ቤት የሚለው ነው። አሜሪካ ውስጥ ፍቺ በየስቴቱ ሕግ የሚዳኝ ጉዳይ ነው። የአገሪቱን ፍቺ ሁሉ በአንድ ላይ የያዘ የፌዴራል መዝገብ የለም፤ ፋይሉ የሚቀመጠው በአብዛኛው በካውንቲ፣ ማለትም በስቴቱ ውስጥ ባለ የአስተዳደር ክልል ደረጃ ነው። የሚፈለገውም ፍቺው በተፈረደበት ካውንቲ ነው። ጋብቻው የት ተፈጸመ፣ አሁን የት ትኖራላችሁ የሚለው ለውጥ አያመጣም። አዲስ አበባ ተጋብታ፣ ዳላስ ተፋትታ፣ አሁን ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት እናት እዚህ ያለው ፍርድ ቤት ሄዳ ስሟ ሲጠፋባት፣ ፍቺዋ ጨርሶ ያልተመዘገበ መስሏት ደንግጣ መጣች። ወረቀቷ የነበረው ቴክሳስ ነው። ቴክሳስ ውስጥም ቢሆን የፍቺ ፋይል የሚይዘው የዲስትሪክት ክለርክ፣ ማለትም የፍርድ ቤቱ መዝገብ ኃላፊ ነው፤ የካውንቲ ክለርክ የሚባለው የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጠው ነው። የሁለቱ ስም ስለሚመሳሰል ደብዳቤው የተሳሳተ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል።

በእኛ አካባቢ ያለውን ትንሽ ላብራራ፤ እዚህ ነው ሰው በብዛት የሚሳሳተው። ሜሪላንድ ውስጥ ፍቺ የሚፈርደው ሰርኪት ኮርት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ መሀል ያለው ዲስትሪክት ኮርት የትራፊክ ቲኬትና የቤት ኪራይ ክርክር የመሳሰሉትን ያያል እንጂ የፍቺ መዝገብ የለውም። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሰርኪት ኮርት ያለው ሮክቪል፣ የፕሪንስ ጆርጅስ ደግሞ አፐር ማርልቦሮ ነው። ታኮማ ፓርክ ለነበራችሁ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስ፤ ከተማዋ ሙሉ በሙሉ ወደ ሞንትጎመሪ የተጠቃለለችው በ1997 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ከዚያ በፊት ከፊሏ ፕሪንስ ጆርጅስ ስለነበረች፣ የቆየ ፍቺ ሮክቪል ከጠፋ አፐር ማርልቦሮ መፈለግ ነው።

ቨርጂኒያ ደግሞ ከተሞቹ ከካውንቲ ውጭ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። አሌክሳንድሪያ የራሷ ሰርኪት ኮርት አላት። የፖስታ አድራሻቸው «አሌክሳንድሪያ» የሚል ሆኖ የሚኖሩት ግን ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ የሆነ ወገኖቻችን እጅግ ብዙ ናቸው፤ የእነዚህ ፋይል በአብዛኛው ፌርፋክስ ነው የሚገኘው። የፎልስ ቸርች ከተማ ጉዳዮች የሚታዩት በአርሊንግተን ሰርኪት ኮርት ነው። የልጅ ተቆራጭ የወሰነላችሁ የቤተሰብ ፍርድ ቤት ፍቺውን የወሰነው ላይሆን ይችላልና እሱንም ልብ በሉ። ዲሲ ካውንቲ የለውም፤ እዚያ የሱፒሪየር ኮርቱ የቤተሰብ ክፍል ነው የሚጠየቀው።

ፍርድ ቤቱ ከታወቀ በኋላ የሚያደክመው የስማችን አጻጻፍ ነው። የፈረንጅ መዝገብ በመጨረሻ ስም ነው የሚፈለገው። የእኛ የመጨረሻ ስም ግን የአባት ነው፣ አንዳንዴ የአያት፤ ሲመጡ ቪዛው ላይ እንደተጻፈው ይወሰናል። ገብረ ሥላሴ አንድ ቦታ ተጣብቆ፣ ሌላ ቦታ ተነጥሎ ይጻፋል፤ ተነጥሎ ሲጻፍ «ገብረ» መካከለኛ ስም ሆኖ ይቀርና ፋይሉ «ሥላሴ» በሚል ይገባል። ፀሐይን አንዱ በቲና በኤስ ሲጀምራት ሌላው በኤስ ብቻ ይጀምራታል። ኃይሉ፣ ወርቅነህ፣ እጅጋየሁ፣ ሁሉም እንደ ጸሐፊው እጅ ይለያያሉ። ስለዚህ «የለም» ስትባሉ ወዲያው አትመለሱ። በዚያን ጊዜ በነበራችሁ ፓስፖርት ወይም ግሪን ካርድ ላይ እንደተጻፈው አስፈልጉ፤ አልሆን ካለ በአባት ስም ፈንታ በአያት፣ እሱም ካልሆነ በቀድሞው ባል ወይም ሚስት ስም። ፋይሉ የሁለት ሰው ስለሆነ በአንዳቸው ይገኛል። ከላይ ያነሳኋት እናት መዝገብ በመጨረሻ የተገኘው በባሏ ስም ነው፤ የእሷ ስም አንድ ፊደል ተዘሎ ነበር የገባው።

የብዙ ስቴቶችን መዝገብ ቤት ሳትሄዱ በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። ሜሪላንድ ኬስ ሰርች የሚባለው የፍርድ ቤቶቹ ድረ ገጽ ያለ ክፍያ የመዝገብ ቁጥሩንና የውሳኔውን ቀን ያሳያል። ያንን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ፤ ክለርኩ ጋ ስትቀርቡ ጊዜ ይቆጥብላችኋል። ስክሪኑን አትማችሁ ለኢሚግሬሽን ብትልኩት ግን የፍቺ ውሳኔን አይተካም። በጣም የቆየ ፋይል ከሆነ ከፍርድ ቤቱ ወጥቶ ወደ ስቴቱ ቤተ መዛግብት ሊሄድ ይችላል፤ የሜሪላንዱ አናፖሊስ ነው።

ስትጠይቁ የሚፈለገውን ወረቀት በስሙ ጥሩት። ዳኛ የፈረመበት የመጨረሻ የፍቺ ውሳኔ፣ የፍርድ ቤቱ ማህተም ያረፈበት ኮፒ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ «ጀጅመንት ኦፍ አብሶሉት ዲቮርስ»፣ ቨርጂኒያና ቴክሳስ «ፋይናል ዲክሪ» ይባላል፤ «ሰርቲፋይድ ኮፒ» በሉ። ከስቴቱ የጤና መሥሪያ ቤት የሚወጣው ሌላ ወረቀት ነው። ቨርጂኒያ ከ1918 ጀምሮ ያሉ ፍቺዎችን መዝግቦ በ12 ዶላር የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ መንጃ ፈቃድ በሚሰጡት የዲኤምቪ ቢሮዎቹም ማውጣት ይቻላል። ቴክሳስ ደግሞ ከ1968 ወዲህ ላሉት የሚሰጠው ፍቺው መመዝገቡን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ በስቴት ደረጃ ያላት ከ1962 እስከ ሰኔ 1984 ያለው ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ በየካውንቲው ሱፒሪየር ኮርት ነው። ኒው ዮርክ የተፋታችሁ ደግሞ ፋይሉ ለሌላ ሰው ዝግ ስለሆነ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ለካውንቲ ክለርክ ራሳችሁ ማመልከት ይኖርባችኋል። የንብረትና የልጅ ውሳኔው፣ የቀድሞ ስም መመለሱ፣ ይህ ሁሉ የሚገኘው ዲክሪው ላይ ነው፤ አጭሩ ምስክር ወረቀት ላይ አይገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ሜሪላንድ እስከ መስከረም 2023 መጨረሻ ድረስ «ሊሚትድ ዲቮርስ» የሚባል ነገር ነበራት። ስሙ ፍቺ ይበል እንጂ ጋብቻውን አያፈርስም ነበር፤ እንደገና ለማግባት አያስችልም። ከጥቅምት 1 ቀን 2023 ጀምሮ ቀርቷል። ነገር ግን በየመሳቢያው ያን ወረቀት አስቀምጠው ተፋትተናል ብለው የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ወረቀታችሁን አውጡና አርእስቱን አንብቡት። «ሊሚትድ» የሚል ከሆነና ሌላ ካልተከተለው፣ አዲስ ቀለበት ከማሰራችሁ በፊት ጠበቃ አነጋግሩ።

ክፍያው የሚያስፈራ አይደለም። ፍርድ ቤቶቹ የሚያስከፍሉት በገጽ ትንሽ ሳንቲምና የማህተም ጥቂት ዶላር፣ ወይም አንድ የተቆረጠ ዋጋ ነው፤ እያንዳንዱ ክለርክ ዋጋውን ድረ ገጹ ላይ ለጥፏል። ሩቅ ስቴት ላለ ፍርድ ቤት በፖስታ ይጠየቃል። የሁለቱን ተጋቢዎች ሙሉ ስም፣ ፍቺው የተወሰነበትን ዓመት በግምትም ቢሆን፣ የመዝገብ ቁጥሩን ካወቃችሁት፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ መኒ ኦርደርና የራሳችሁ አድራሻ የተጻፈበት ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ አድርጋችሁ ላኩ። ማህተም ያለውን ሁለትና ሦስት አድርጋችሁ አውጡ። ለኢሚግሬሽን ፎቶ ኮፒውን ልካችሁ ዋናውን ለኢንተርቪው ያዙት።

የሚያናድደኝ ይህን ሥራ «እናስጨርስላችሁ» ብለው ከመቶ ዶላር በላይ የሚቀበሉት ናቸው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ከፍርድ ቤቱ በፊት ቀድመው የሚወጡት የግል ድረ ገጾች የመንግሥት አይደሉም። አንዲት የቤት ለቤት ነርስ ረዳት የሆነች እህት ከፍላ የደረሳት ወረቀት የስም ዝርዝር ብቻ ነበር፤ ማህተም የለው፣ ፊርማ የለው። የሁለት ቀን ደሞዟ ነው የሄደው።

ወረቀቱ የሚያስፈልገው ለኢሚግሬሽን ብቻ አይደለም። ትዳራቸው 10 ዓመት የሞላ፣ አሁን ያላገቡና 62 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በቀድሞ የትዳር ጓደኛቸው የሥራ ታሪክ ከመንግሥት ጡረታ ቢሮው ከሶሻል ሴኩሪቲ መጠየቅ ይችላሉ፤ የራሳቸው ጡረታ ከዚያ ያነሰ ከሆነ፣ የእሱን ሙሉ ጡረታ እስከ ግማሽ የሚደርስ ያገኛሉ። ከእሱ አንድ ሳንቲም አይቀነስበትም። ልጅ ሲያሳድጉ ኖረው ለጡረታ የሚቆጠር የሥራ ክሬዲታቸው የቀጠነ እናቶች መካከል ይህን የሚያውቅ ስንት ነው? ቢሮው ሲሄዱ የጋብቻና የፍቺ ማስረጃ ይጠየቃሉ፤ «እሱ ጋ ነው» ብለው ከቀሩ ገንዘቡም ይቀራል።

አገር ቤት ለማግባት ወይም የንብረት ጉዳይ ለመጨረስ የምትወስዱት ከሆነ ማህተሙ ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ ባለበት ስቴት ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት፣ ቀጥሎ በፌዴራሉ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በስቴት ዲፓርትመንት፣ ከዚያ በኤምባሲያችን መረጋገጥ አለበት። ሦስቱም ጊዜ ይወስዳሉና ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጀምሩት።

አዘጋጅ ሆይ፣ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በየወሩ በአንድ ጥግ ላይ ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባቸውን ካውንቲዎች፣ የሲያትሉን ኪንግ፣ የላስ ቬጋሱን ክላርክ፣ የአትላንታውን ዲካልብ፣ የሚኒያፖሊሱን ሄነፒን እያላችሁ የፍቺ መዝገብ የሚይዘውን ቢሮ ትክክለኛ ስም፣ አድራሻና ዋጋ አውጡ። የማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ «የፍቺ ወረቀት እናወጣለን» የሚሉትን ስትቀበሉም፣ ከጎኑ ሰው በራሱ ከክለርኩ ማውጣት እንደሚችል አንድ መስመር ጻፉበት። የእኛን አካባቢ ዝርዝር አዘጋጅቼ ለመላክ ፈቃደኛ ነኝ፤ የሌላ ስቴት አንባቢዎችም የየራሳቸውን እንዲልኩ ጥሪ አድርጉላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ