ሲንጀሯን ከጨርቁ ያውጧት

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ ከነልጄ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብረ ብርሃን ብርዱ ጠንክሯል። ለመንዝ ሰው ስለ ብርድ ማውራት ነውር ስለሆነ እዚህ ላይ ልተወው።

በስልክ ልነግርዎ አስቤ ነበር። ግን ያው ያውቁታል፣ "ሃሎ" "አይሰማም" ስንባባል ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ጻፍኩት። ወንድሜ ያንብብልዎ፤ ከራሱ ሳይጨምር።

ሲንጀሯን በነጠላ ጠቅልለው፣ በላይዋ ማዳበሪያ አልብሰው፣ ጥግ አስይዘዋታል አሉ። "አሮጌ የስፌት መኪና ፍለጋ አገር ላገር ከምትንከራተት የኔን ትውሰድ፤ ለሷ ብዬ ነው የማስቀምጣት" ብለዋል አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ኪስ እንኳ አልጠገኑም አሉ። አሉ አሉ እያልኩ ነው፣ ግን ነጋሪዬ ማን እንደሆነ አያጡትም።

አባባ፣ እባክዎ ያውጧት።

ከየቦታው ለቅሜ የማመጣቸው መኪናዎች አብዛኞቹ ሥራ በዝቶባቸው አይደለም የቆሙት። ተቀምጠው ነው። ልብስ ሰፊው ያርፋል ወይ ዓይኑ ይደክማል፤ ልጆቹ "የአባታችን ማስታወሻ ናት" ብለው ሸፍነው ያኖሯታል። በክብር። ዘይቱ ግን ክብር አያውቅም። ሳይንቀሳቀስ ሲከርም ይወፍራል፣ ይዝለገለጋል፣ መጨረሻ ላይ ቫርኒሽ ሆኖ ብረትን ከብረት ያጣብቃል። ኑግ የጠጣችዋ ደግሞ የባሰች ናት። የማሽን ዘይት ሲጠፋ ጓዳ ገብቶ የወጥ ዘይት ጠብ ማድረግ የየአገሩ ልማድ ነው። ለዕለቱ ትለሰልሳለች። ግን ኑግ አየር ሲያገኘው የሚደርቅ ዘይት ነው፤ ከርሞ ሙጫ ይሆናል። እርስዎ እንኳ ይህን አያደርጉም፣ አውቃለሁ። ለወንድሜ ነው የምነግረው። ያነበበው ይስማ።

ሐረር የሄድኩ ጊዜ ያመጣኋት አንዲቱ እንዲህ ነበረች። ከዚህ ሐረር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። "ለብረት?" ብለው እንደሚሉ አውቃለሁ። ግን ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚሉትን መንገድ ቢያዩት እርስዎም ይሄዱ ነበር። ጠባብ ናት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ትከሻ ይነካካል። ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች ከመኪናቸው ጋር ተደርድረዋል። ጨርቁን እዚያው ገዝቶ፣ እዚያው አስለክቶ፣ ቡና ጠጥቶ ሲመለስ ቀሚሱ ደርሷል። ጥቁር፣ ባለ ወርቅ ጽሑፍ ሲንጀር እዛ ዛሬም እንጀራ ነው። ዕቃ ልይ ብዬ ሄጄ ጆሮዬን ነው የሞላሁት። ገበያ ቀን በረንዳዎ ላይ ስቀመጥ የነበረው ድምፅ፣ ግን መንገድ ሙሉ።

የገዛኋት ከአንዱ ሱቅ ጓሮ የተጣለችውን ነው። መዘውሯ ንቅንቅ አይልም። ባለቤቱ ሳቀብኝ፤ ቢሆንም ዋጋ ከመጨመር አልቦዘነም። ራሷ ብቻ 13 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፣ ያለ እግሯ። የአውቶቡሱ ረዳት ፖርቶ መጋላ ላይ ወርውሮ ሊሰቅላት ሲል "ትሰበራለች" ብዬ ጮህኩ። "ብረት ይሰበራል እንዴ?" አለኝ። ሲንጀር የተሠራችበት ብረት እኮ ቀልጦ የተቀዳ ነው፤ ከከፍታ ከወደቀ እንደ ገንቦ ይሰነጠቃል። በመጨረሻ እግሬ ስር አድርጌያት፣ ጉልበቴን አጥፌ አዲስ አበባ ደረስኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት "ባልሽ ልብስ ሰፊ ነው?" አሉኝ። "አባቴ ናቸው" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ዝም አሉ፤ መልሱ የበቃቸው መሰለኝ።

ቤት አግብቼ ቁጥሯን አየሁ። ሲንጀር ሁሉ ቁጥር አላት፤ በስተቀኝ ከመቀመጫዋ ላይ ተመትቶ ይገኛል። የእርስዎም አላት፣ ቆሻሻው ሸፍኖት ይሆናል እንጂ። የሐረሯ በላቲኑ "ዋይ" ፊደል ይጀምራል። እንዲህ ያለው ቁጥር በ1920ዎቹና በ30ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ የተሠራ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል። የባቡር ጣቢያው ግን እስካሁን "ሲንጀር" ነው የሚባለው። ኩባንያው መኪናን በየወሩ በሚከፈል ዱቤ መሸጥ የጀመረው በ1850ዎቹ ነው። ይህን ሳነብ እርስዎ ለነጋዴው በየገበያው እየቆነጠሩ የከፈሉት ትዝ ብሎኝ ሳቅሁ። እማዬ "ሲንጀሯ ከኛ ጋር አብራ ትበላለች" ትል የነበረው ለካ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

ስፈታት ደግሞ ጨርቅ ከሚገፉት ጥርሶች ስር የክር ብናኝ ተጠቅጥቆ አገኘሁ። በመርፌ ጫፍ ሳወጣው ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ እየሆነ በንብርብር ወጣ። ሐረር ስንት ሙሽራ እንዳለበሰች ከዚያ ይታያል። ነጭ ጋዝ በስሪንጅ ዘይት መጠጫ ቀዳዳዎቿ ውስጥ ጠብ አደረግሁ፣ አሳደርኩ፣ ደገምኩ። በመዶሻ አይነካም፣ በጉልበት አይዞርም። ወርቅ ቀለሟን ደግሞ በአልኮል መጥረግ ክልክል ነው፤ ቀለሙን የሚጠብቀውን ሽፋን ያሟሟዋል፣ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። አንድ ማለዳ መዘውሯን እንደ ልማዴ ነካ ሳደርጋት ሩብ ዙር ሄደች። ልጄን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። ተኮሳትራ አይታኝ ተመልሳ ተኛች።

አሁን ትሰፋለች። መርፌዋ ዛሬ መርካቶ የሚሸጠው ተራው የቤት መኪና መርፌ ነው። ዘጠና ዓመት ገደማ የሆናት መኪና የዛሬ መርፌ ትቀበላለች። ባለፈው የገዛሁት ስልክ የአምናውን ቻርጀር አልቀበልም ብሎኛል።

ሌላዋን ደግሞ ልንገርዎ፣ ያላመጣኋትን። በአንኮበር አድርጌ ወደ አልዩ አምባ ወርጄ ነበር። ያንን ቁልቁለት ያውቁታል፤ ሲወርዱ ጉልበት፣ ሲወጡ ልብ ይፈትናል። አንዲት አሮጊት በእጅ የምትዞር ሲንጀር አለቻቸው ብለውኝ ነው። እውነትም አለቻቸው። የትራስ ልብስ እየሰፉ ነው የደረስኩባቸው። መዘውሯ በአንድ ጣት ይዞራል። ዋጋ ጠራሁ፣ ዝም። ጨመርኩ፣ ዝም። ከዚያ ቀና ብለው "ትሰፊባታለሽ ወይስ ታስጎበኚያታለሽ?" አሉኝ። "ሁለቱንም" አልኩ። "እንግዲያስ እኔ ሰፍቼ ልጨርስ" ብለው ወደ ትራሳቸው ተመለሱ። ቡናቸውን ጠጥቼ፣ መኪናዋን ዘይት ቀብቼላቸው ባዶ እጄን ወጣሁ። ካየኋቸው ሁሉ ጤነኛዋ እሷ ናት፤ ዕለት ተዕለት ስለምትሠራ ነው።

ወንድሜ "ቁራሌው" ይለኛል፣ ይበል። ስለ መንገዱም አያስቡ። ሹፌሮቹን ጠይቄ፣ ሰላም መሆኑን አረጋግጬ ነው የምነሳው። ካልሆነ እቀራለሁ፤ ብረት የትም አይሄድም።

እና የእርስዎን ሲንጀር እወርሳለሁ፣ አልዋሽም። ግን እየሰፋች ነው የምፈልጋት። ነጠላውን ያውልቁላት። መጀመሪያ ቺንጊያዋን አውጥተው መዘውሯን በእጅ ያዙሯት፤ ከከበደች አያስገድዷት፣ እኔ እስክመጣ ይተዉት። ቀለል ካለች ዘይት ጠብ አድርገው ክር ሳያስገቡ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ያስኪዷት፤ ትርፉን ዘይት ጨርቁ ይጠጣዋል። ክር ማስገባቱን ለጎረቤት ልጅ ይተዉላት። ዓይንዎ ለመርፌ ቀዳዳ ነው እንጂ ለቀጥታ ስፌት አልደከመም፤ እሱን እጅዎ ያውቀዋል። ሱሪ ይስፉ አላልኩም። ትራስ፣ ከረጢት፣ የተቀደደ ጋቢ ይበቃታል። ሰው ሥራ ሲያመጣ "ትቻለሁ" እያሉ አይመልሱ፤ ካልፈለጉት ብቻ ይመልሱ።

በመሐል ሜዳው ሚኒባስ አንድ ጠርሙስ የማሽን ዘይትና መርፌ ልኬያለሁ። 11 ቁጥሩ ለስስ ጨርቅ፣ 16ቱ ለካኪ ነው። ቺንጊያዋ ተሰነጣጥቃለች ስላሉኝ አዲስ ቆዳ አስቆርጣለሁ። ወንድሜ ከላይ ከመዘውሩ እስከ ታች ጎማው ዙሪያዋን በሲባጎ ይለካና ሲባጎውን ራሱን ይላክልኝ። በስልክ ቁጥር እንዳይነግረኝ፤ ባለፈው የነገረኝ የጠረጴዛ ልክ ምን እንዳደረገኝ ያውቃል።

እማዬን ሳሙልኝ። ጎረቤቶቹንም።

ልጅዎ፣ ከደብረ ብርሃን